ማታ ቤት እያደሩ ስለሚወሰድ ሕክምና፣ ለእማዬ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስልክ ላይ የጠየቅሽኝን በወጉ ያልመለስኩልሽ ወንድሜ ማሙሽ አጠገብሽ ስለነበረ ነው። እሱ እየሰማ እንደ ዕቃ ልናወራበት አልፈለግኩም። «ማታ ማታ ቤቱ የሚያድር ሰው ምኑን ታከመ? ለምን አስተኝተው አያክሙትም?» ነበር ያልሽው። ጥያቄሽ የዋዛ አይደለም። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። የምጽፍልሽን ሁሉ ደግሞ እሱ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው፤ ከጀርባው እንዳይመስልሽ።

ማሙሽ ለመጠጥ ሱሱ እየታከመ ማታ ቤቱ መግባቱ የሕክምናው ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ሕክምናው ውስጥ ያለ ነገር ነው። አልጋ ስላጡለት ወይም ስለናቁት አይደለም የሚመልሱት።

የቀን ሕክምና የሚባለው እንዲህ ነው። ሰውዬው ጠዋት እንደ ሥራ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት እዚያ ይውላል። ሲደመር በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው። ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከእሱ ቀለል የሚል ደረጃም አለ፤ በሳምንት ከ9 እስከ 19 ሰዓት የሚወስድ። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ አማካሪ ማነጋገር ነው። አንቺ የምታውቂው ተኝቶ መታከም ከሁሉም በላይ ያለው ነው። ማን የትኛው ደረጃ ላይ ይግባ የሚለው በግምት አይወሰንም። የሰውነቱን ሁኔታ፣ የአእምሮውን፣ የሚኖርበትን ቤት፣ አብሮት ያለውን ሰው ሁሉ ጠይቀው ነው የሚወስኑት። የማሙሽን ጊዜ አብሬው ስለነበርኩ አይቻለሁ። ስለ አንቺም ጠይቀውታል። «እናትህ ትጠጣለች? ቤት ውስጥ መጠጥ አለ? ማታ የሚያናግርህ ሰው አለ?» አሉት።

አዲስ ፈሊጥም አይደለም። ሞንትሪያል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1946 የቀን ሆስፒታል ተከፍቶ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቀን እየታከሙ ማታ ቤታቸው ያድሩ ነበር። ለንደንም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ እንዲሁ ተከፍቷል። ለሱስ ሕክምናም ይኸው አሠራር ነው የመጣው።

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን አስተኙት?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ያ ሌላ ነገር ነበር። ለዓመታት አልኮል የለመደ ሰውነት ድንገት ሲነፈገው ጉድ ያመጣል። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ 6 ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ጀምሮ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ አንፈራግጦ ሊጥለው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ ልቡ ይመታል፣ ያተኩሰዋል። ይሄ በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። በዚያ ሰሞን ነርሶቹ ሌሊት ሳይቀር እየቀሰቀሱ ሲለኩት፣ ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሲሰጡት የነበረው ለዚህ ነው። ሰውነቱ ከመርዙ ወጣ፤ አደጋው አለፈ። ግን እማዬ፣ ያ ሱሱን ማከም አልነበረም። እንዳይሞት ማድረግ ነበር። ሱሱን ማከም የተጀመረው አሁን ነው።

አሁን ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ልንገርሽ። ሲገባ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ላይ ይተነፍሳል፤ የጠጣ እንደሆነ ትናገራለች። አንዳንድ ቀን የሽንት ምርመራ አለ። ነርሷ ግፊቱን ትለካለች። ከዚያ የቡድን ውይይት ነው፤ ወንበር በክብ አድርገው ይቀመጡና እያንዳንዱ ያደረበትን ይናገራል። ለብቻው ከአማካሪዋ ጋር የሚቀመጥበት ሰዓት አለ። ሐኪም የሚያየው ቀን አለ። እንዴት እምቢ እንደሚባል ሳይቀር ይለማመዳሉ፤ አንዱ ጋባዥ ይሆናል፣ ሌላው «አልጠጣም» ይላል። የልጅ ጨዋታ ይመስላል አይደል? ግን ማሙሽ «አልጠጣም» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው እዚያ እንደነበር ነግሮኛል።

አንድ ወረቀት አለችው። አራት መስመር ተሰምሮባታል፤ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተሰማኝ፣ ያደረግሁት። አምሮቱን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይሰጠዋል። አንዷን ቀን እንዳነብ ሰጠኝ። እንዲህ ትላለች፤ «ማክሰኞ፣ 11፡30፣ መኝታ ቤት። ሰውዬው ደውሎ ገንዘቤን አምጣ አለኝ። ተናደድኩ፣ አፈርኩ። አምሮት 8። ወጥቼ ተራመድኩ። ለቡድን ጓደኛዬ ደወልኩ። 12 ሰዓት ላይ 3።»

በማግስቱ ይህችን ወረቀት ይዞ ገባ። አማካሪዋ ስለ ዕዳው አልጠየቀችውም። «ከስልኩ በፊትስ ምን ነበር?» አለችው። ሲያስበው ለካ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሌሊቱንም በደንብ አልተኛም። ስልኩ የመጣው በባዶ ሆድና በደከመ ሰውነት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ 10 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ሳይበላ አይውልም። ለዕዳውም ከሰውዬው ጋር ቁጭ ብሎ በየወሩ ለመክፈል ተስማማ።

አሁን እስቲ አስቢው። ሆስፒታል ተኝቶ ቢሆን ይህች መስመር ትጻፍ ነበር? ሰውዬው እዚያ አይደውልለትም። የድሮ ጓደኛ በር ላይ አይጠብቀውም። ደሞዝ የለ፣ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ የለ፣ ብቻውን የሚቀመጥበት ማታ የለ። ደህና ሆኖ ይከርማል፤ ከዚያ በሩ ተከፍቶለት ሲወጣ ሁሉም በአንድ ቀን ይመጣበታል። አሁን ግን ፈተናው ማታ ይመጣል፣ መልሱን ጠዋት ከባለሙያ ጋር ይፈልጋል፣ ያንኑ ማታ ይሞክረዋል። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን የገመገመ ሥራም እንዲህ ያለው ጠንከር ያለ ተመላላሽ ሕክምና ለአብዛኛው ሰው ተኝቶ ከመታከም የማይተናነስ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

ለሁሉም ሰው ይሆናል ማለቴ አይደለም። መጠጡን ሲያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅ፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ማደሪያ የሌለው፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ሁሉም የሚጠጣበት ሰው መጀመሪያ መተኛት አለበት። ማሙሽ ግን ማደሪያ አለው። አንቺ አለሽ።

ስለ ክኒኑ ደግሞ። «አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ ለወጡበት» ያልሽው አላስተኛኝም። የሚወስደው ናልትሬክሶን ይባላል። ሱስ አያስይዝም፤ አያሰክርም። ሥራው ቢጠጣ እንኳ መጠጡ የሚሰጠውን ደስታ መቀነስና አምሮቱን ማብረድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአልኮል ሱስ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ትናንት የመጣ መድኃኒት አይደለም። አንድ ነገር ግን ያዢልኝ። ይህ ክኒን እንደ ሞርፊን ያሉትን ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች እንዳይሠሩ ያደርጋል። ድንገት ቢጎዳ ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው መጀመሪያ ለሐኪሙ «ናልትሬክሶን ይወስዳል» በዪ። የአንቺን የእንቅልፍ ክኒን ደግሞ ከመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ አንሺና ቆልፈሽ አስቀምጪው። ስለማናምነው አይደለም። በከፋው ማታ ዓይኑ እንዳያርፍበት ነው።

ቤት ውስጥ ያለው መጠጥ ሁሉ ይውጣ። ለእንግዳ የተቀመጠውም።

ትንፋሹን አታሽቺ፣ እማዬ። ያ የመሣሪያዋ ሥራ ነው። አንቺ ስታሸቺው የሚያስበው ስለ መጠጥ ነው፤ ከዚያም ስለ መደበቅ። «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ብለሽ ጠይቂውና የሚልሽን ስሚ። በቡድኑ ማን ምን እንዳለ ግን አትጠይቂው፤ የሰው ገመና እዚያው እንዲቀር ተማምለዋል። ዘመድ ሲጠይቅሽም «ሕክምና ላይ ነው» ብቻ በዪ፤ የቀረውን እሱ ለፈለገው ይንገር። ደህና ሆኖ ሲገባ ደግሞ ዝም አትበዪ። ቤተሰብ የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች አጥብቀው የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሳይጠጣ ሲውል ደስታሽን አሳዪው፣ አብረሽው ተቀመጪ። ከጠጣ ደግሞ ክርክሩን ለነገ አቆዪው። ከሰከረ ሰው ጋር የተካሄደ ክርክር ማንንም አድኖ አያውቅም።

ቢያገረሽበትስ? ይህን ፊት ለፊት ብንነጋገርበት ይሻላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ ጥናት ተቋም እንደሚለው ከታከሙት ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶው ያገረሽባቸዋል። ይህ ቁጥር ከደም ግፊትና ከአስም ጋር ይቀራረባል። አንቺ የግፊት ክኒንሽን አቋርጠሽ ያዞረሽ ጊዜ ሐኪምሽ «አንቺማ አትድኚም» ብሎ አላባረረሽም፤ መድኃኒቱን አስተካከለልሽ። ማሙሽም ቢወድቅ የሚደረገው እንደዚያ ነው። በዚያው ቀን ይደወልላቸዋል፤ ሕክምናውን ያጠብቁለታል ወይም ይቀይሩለታል። አንድ አደጋ ግን አለ። ለቀናት አብዝቶ ጠጥቶ ከሆነ «በቃ ዛሬ አቁም» ብለሽ ቤት አታስተኚው። ቅድም የነገርኩሽ መንፈራገጥ ሊመለስ ይችላል፤ ሐኪም ጋ መሄድ አለበት።

ጊዜውም ረጅም ነው። ያው ተቋም ከ90 ቀን ያነሰ ሕክምና ብዙም እንደማይረዳ ይናገራል። በአንድ ወር ከሱስ እናላቅቃለን የሚሉ ማስታወቂያዎችን ሳይ የምበሳጨው ለዚህ ነው፤ የጨነቀውን ቤተሰብ ገንዘብ ነው የሚፈልጉት። ማሙሽ ደህና ከቀጠለ ሰዓቱን እየቀነሱለት ይሄዳሉ። 5 ቀኑ 3 ይሆናል፣ ከዚያ ሳምንታዊ። ሲቀነስለት «ጨረሰ፣ ዳነ» ብለሽ ለዘመድ አትንገሪ፤ ሲቀነስለት «ተዉት» ብለሽም አትደንግጪ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አንቺ አትዪውም እንጂ ሲያብሰለስልሽ አውቃለሁ። «ምን በድዬው ነው?» የሚለው። መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ለአልኮል ሱስ ከሚያጋልጠው ነገር ግማሽ ያህሉ በዘር የሚመጣ ነው። የቀረው ደግሞ ብዙ ነገር ነው፤ ጭንቀቱ፣ ሥራው፣ ጓደኛው፣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረ። በአንድ እናት ላይ የሚጫን ነገር የለውም። እኔንም እሱንም ያሳደግሽን አንቺው ነሽ፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ እጅ።

እና አንቺም ደክመሻል። ሌሊት በሩን እየጠበቅሽ ስንት ዓመት ቆየሽ። የሱስ ሕመምተኞች ቤተሰቦች ለራሳቸው የሚሰባሰቡበት ማኅበር አለ፤ አል-አኖን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመሩት ሴቶች ናቸው፤ ባሎቻቸው የመጠጥ ሱስ የነበረባቸው። ስለ ማሙሽ ሳይሆን ስለ አንቺ የሚወራበት ቦታ ነው። ማዕከሉ ያለውን የቤተሰብ ሰዓት ካየሽ በኋላ እሱንም ብትሞክሪው ደስ ይለኛል።

የቤተሰብ ሰዓቱ ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ነው። አማካሪዋ አንቺ እንድትመጪ ፈልጋለች፤ ማሙሽም «እማዬ ትምጣ» ብሏል፣ ከአፉ ነው የሰማሁት። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ፣ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔ ከሥራ አስፈቅጃለሁ። ከ9 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብዬ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ፤ አብረን እንገባለን።

የምትወድሽ ልጅሽ