ግልጽ ደብዳቤ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እና ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የኤሌክትሪካል ተማሪዎቻችን ተቀጥረው ይማሩ

የተከበራችሁ የሁለቱም መስሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እኔ እንግሊዝ ሀገር መኪና በሚያመርት ካምፓኒ ውስጥ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ዲግሪ አፕረንቲስ ነኝ፣ ተቀጥሮ እየሰራ ዲግሪውን የሚማር ማለት ነው። በሳምንት አራት ቀን ፋብሪካ እሰራለሁ፣ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፣ የስራ ውል አለኝ ደሞዝ አለኝ የዓመት ፈቃድ አለኝ፣ ለዩኒቨርሲቲው ከኪሴ የምከፍለው የለም፣ ስጨርስ የምይዘው ደግሞ ከማንም የማያንስ ሙሉ ዲግሪ ነው። ይሄን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። የአክስቴ ልጅ እዛ ሀገር ቤት ኤሌክትሪካል ነው የሚማረው፣ ኢንተርንሺፕ ጨርሶ ሲመለስ ስልክ ላይ ያወራኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

አራት ወር ሙሉ የተመደበበት ድርጅት ሲመላለስ ከርሞ አንድም ቀን መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በእጁ አልያዘም። መጀመሪያ አካባቢ አደጋ አለው አትንካ ተባለ፣ ከዛ ወረቀት ኮፒ አድርግ ፋይል ደርድር፣ ከዛ በኋላ መጣህ ቀረህ ብሎ የሚጠይቀውም ጠፋ። ትራንስፖርቱን እናቱ ናት የከፈለችው። መጨረሻ ላይ ሪፖርት ማስገባት ግዴታ ስለሆነ ከሱ በፊት የነበረ ተማሪ የጻፈውን ወስዶ ቀኑን ቀያይሮ አስገባ፣ ሲነግረኝ ድምጹ ራሱ ተቀይሮ ነበር፣ አፍሯል። እኔ በሱ አልፈርድም፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድ የሚባለው ትምህርት ከኔ በተሻለ ነው የሚገባው። ድርጅቱ ላይም ብዙ መጨከን አልችልም፣ ሰው መድባችሁ አስተምሩት ብሎ ያስገደዳቸው የለም፣ ቢያስተምሩትም ያው በአራት ወር ሄዶ የማይመለስ ልጅ ነው፣ ምን ያገኙበታል?

አሁን የኔን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ቴስት ክፍል ተመድቤ እያለሁ አንድ መኪና መጣ፣ ዳሽቦርዱ አንዴ ደህና ይሆናል አንዴ ያለውን የማስጠንቀቂያ መብራት ሁሉ ይደረድራል። እኔ ቶሎ ብዬ ላፕቶፕ ሰክቼ ፎልት ኮድ (መኪናው ራሱ የሚመዘግበውን የብልሽት ቁጥር) ማንበብ ጀመርኩ፣ ኮዱ ማለቂያ የለውም፣ ሁሉም ኮምፒውተር ሌላውን አላገኘሁትም ነው የሚለው። አብሮኝ ያለው በስራው ያረጀ ቴክኒሻን ነው፣ ላፕቶፑን ዝጋው አለኝ። የ12 ቮልት ባትሪውን ንቀል፣ ትንሽ ጠብቅ፣ ካን ሃይ እና ካን ሎው መሃል ሬዚስታንስ ለካ አለኝ፣ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ ማለት ነው፣ በኦህም ነው የሚለካው። ካን ማለት የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚያወሩባቸው እርስ በርስ የተጠመዘዙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፣ ቦሽ በ1986 ያስተዋወቀው ነው፣ ዛሬም መኪና ውስጥ አለ። በሁለቱ ጫፍ 120 ኦህም ሬዚስተር አለ፣ ሁለቱ ፓራለል (ጎን ለጎን የተያያዙ) ስለሆኑ ስትለካው 60 ኦህም አካባቢ ማንበብ አለበት። ለካሁ፣ 60 ነው። ደህና ነው ልል ስል ኬብሉን እየያዝክ ሂድ አለኝ፣ እየነካካሁ ሄጄ ከአንድ ኮኔክተር ጋ ስደርስ ሜትሩ ዘሎ 120 ሆነ። አንደኛው ጫፍ ተቋርጧል ማለት ነው። ኮኔክተሩን ስንከፍተው አንዷ ፒን እስከመጨረሻው አልገባችም፣ በአይን ስታያት የገባች ነው የምትመስለው፣ ሽቦዋን ቀስ አድርጎ ሲስባት ግን እጁ ላይ ቀረች።

ይሄ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ክፍል ገባሁ፣ ሌክቸረሩ ትራንስሚሽን ላይን (ሲግናል የሚሄድበትን መስመር) እያስተማረ ነው፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለሲግናሉ ያለው መቋቋም፣ ካልተመጣጠነ ሲግናሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል ብሎ የሪፍሌክሽን ፎርሙላውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እኔ የማየው ያቺን ፒን ነበር። ለምን 120 እንደሚያስፈልግ፣ ሲጎድል ለምን መልእክቱ እንደሚበላሽ፣ ያኔ ነው አጥንቴ ውስጥ የገባው። የአክስቴ ልጅ ያን ፎርሙላ በቃሉ ያውቀዋል፣ ያቺን ፒን ግን ማንም አላሳየውም። እኔ የምለምናችሁ ማክሰኞውና ሐሙሱ አንድ ሳምንት ውስጥ እንዲገናኙለት ነው።

ደሞ ነገሩ የእውቀት ብቻ አይደለም፣ የህይወትም ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ 400 ቮልት አካባቢ ነው፣ 800 የሚደርስም አለ፣ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ) ነው። ለዛ ነው ሃይ ቮልቴጅ ኬብሉ ብርቱካናማ ቀለም የሚሆነው፣ ከሩቅ ታውቆ ሰው እጁን እንዲሰበስብ። እኔ እንዲህ አይነት መኪና ላይ እጄን ከማሳረፌ በፊት ሰርቪስ ዲስኮኔክቱን (ባትሪውን ከመኪናው የሚያቋርጠውን) አነሳለሁ፣ የራሴን ቁልፍ እቆልፍበታለሁ፣ ቁልፉ ላይ ስሜ አለ፣ ከኔ በቀር ማንም አይከፍተውም፣ አለቃዬም ቢሆን ዝም ብሎ አይከፍተውም። ከዛ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚቀይረው) ውስጥ ያለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ባዶ እስኪሆን እጠብቃለሁ። ከዛ መለኪያዬን መጀመሪያ ቮልቴጅ እንዳለው በማውቀው ነገር ላይ እሞክረዋለሁ፣ መኪናው ላይ ዜሮ መሆኑን አያለሁ፣ ተመልሼ ያ የማውቀው ላይ ደግሜ እሞክራለሁ፣ ምክንያቱም መሃል ላይ መለኪያው ራሱ ሞቶ ዜሮ ብሎኝ ሊሆን ይችላል። ይሄን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፣ አነበብኩትም፣ ግን እጅ የሚለምደው አጠገብህ ቆሞ ተው ገና ነው የሚልህ ሰው ሲኖር ነው።

አልጋ በአልጋ ነው እንዳትሉ ከባዱንም ልናገር። ሌሊት እነሳለሁ፣ ማታ ደክሜ ገብቼ አሳይንመንት ይጠብቀኛል፣ ጓደኞቼ ክረምቱን ሲያርፉ እኔ ፋብሪካ ነኝ። የሰራሁትን ሁሉ እየመዘገብኩ ማስረጃ አደራጃለሁ፣ እሱ ራሱ ሌላ ስራ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ መስመሩ ላይ ችግር ስለነበር አንድ አለቃ የዩኒቨርሲቲ ቀኔን ቅርና ግባ አለኝ፣ እኔ አፍሬ እሺ ልል ነበር፣ አስተባባሪያችን ናት አይሆንም ብላ የቆመችው። አይሆንም ማለት የቻለችው ደሞ ህግ ስላለ ነው። የስልጠናው ገንዘብ የሚለቀቀው ልጁ በተከፈለው የስራ ሰዓት ውስጥ ተምሮ ከሆነ ብቻ ነው፣ ያን ጊዜ የነበረው ደንብ ከስራ ሰዓቱ 20 በመቶው ለትምህርት ይሁን የሚል ነው። ያ ህግ ባይኖር ኖሮ እኔ ርካሽ ጉልበት ነበርኩ። እናንተም ይሄን ነገር ከጀመራችሁት እባካችሁ መጀመሪያ የምትጽፉት ይቺን ትሁን።

እዚህም ቢሆን አሰራሩ ከድሮ የነበረ አይደለም። ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የተጀመረው በ2015 ነው በፈረንጆቹ፣ ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ ደግሞ የዓመት የደሞዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያልፍ ቀጣሪ 0.5 በመቶ ለዚሁ ስልጠና እንዲያዋጣ ተደረገ፣ ካልተጠቀመበት ያመልጠዋል። የልጁን ደሞዝ ግን ድርጅቱ ነው ከራሱ የሚከፍለው። እኛ ሀገር እንደዚህ አይነት አዲስ መዋጮ ጣሉ አልልም፣ ነጋዴው በቂ ሸክም አለበት።

ግን ሌላ መንገድ በእጃችን አለ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሰራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፣ እንደዚህ የደፈረ ሀገር አልነበረም፣ እኔ በበኩሌ ኮርቻለሁ። ከዛ በፊት በ2022ም ለኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥ ማበረታቻ ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጥ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ላለቀው 15 በመቶ ነበር የተባለው። መንግስት ያን ገንዘብ የተወው እዚሁ ይገጣጠም፣ የኛ ልጅ ስራ ያግኝ ብሎ ነው። እንግዲያው በዚህ እድል የሚጠቀም ገጣጣሚ ሁሉ የተወሰኑ የኤሌክትሪካል ተማሪዎችን በውል ይቀበል። ለጉብኝት ወይ ለአራት ወር አይደለም የምለው፣ ከሶስተኛ ዓመት እስከ ምርቃት፣ በደሞዝ፣ በስሙ የተመደበ አስተማሪ ቴክኒሻን ኖሮት፣ በሳምንት አንድ ቀን ወይ በዓመት የተወሰኑ ሳምንታት ዩኒቨርሲቲው ጋ እየተመለሰ። ለቴክኒክና ሙያ ተማሪ የትብብር ስልጠና የሚባል አሰራር አላችሁ፣ ከዜሮ አትጀምሩም፣ ዲግሪው ጋ ነው ያልደረሰው። ሁለታችሁን አንድ ላይ የጻፍኩላችሁም ለዚህ ነው፣ ፋብሪካው አንዱ ጋ ዩኒቨርሲቲው ሌላው ጋ ሆኖ መሃል ላይ ልጁ እንዳይቀር።

አስተማሪ ለሚሆነው ቴክኒሻን አበል ይታሰብለት፣ ይሄን አትርሱት። እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ ዲግሪ የለውም፣ ከሌክቸረሮቼ እኩል ነው የማከብረው። ሀገር ቤትም እንደሱ ያሉ ሰዎች አሉ፣ በጆሮ ሞተር የሚያውቁ፣ እነሱም ከተማሪው ጋር አብረው ሃይ ቮልቴጁን ይማራሉ።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ መጥቷል፣ እኔ አልቃወመውም፣ ግን ምርጫ ጥያቄ ነው። ሀ ለ ሐ መ ብሎ የላላች ፒን ማግኘት አይቻልም። ከፈተናው ጎን በእጁ የሰራው ነገር የሚታይበት፣ ቴክኒሻኑ የፈረመበት መዝገብ ይቆጠርለት።

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ በአንዴ ይግባ አልልም። አንድ ገጣጣሚ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሃያ ልጆች ይበቃሉ ለመጀመሪያው ዓመት። የማስረጃ መዝገባችን እንዴት እንደሚሞላ፣ ሃይ ቮልቴጅ ላይ ከመድረሳችን በፊት ምን ምን እንደምናልፍ፣ ከድርጅቱ ምስጢር ውጪ ያለውን ሁሉ በአማርኛ ጽፌ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ፣ ክፍያ አልጠይቅም። የአክስቴ ልጅ አንድ ዓመት ነው የቀረው፣ ለሱ ላይደርስለት ይችላል። ታናሽ እህቱ ግን ዘንድሮ ኢንጂነሪንግ መርጣ ገብታለች።

በታላቅ አክብሮት፣
አንድ ከእናንተው የሆነ ተማሪና ሰራተኛ