በመጀመሪያው ስልክ ዋጋ ስለሚቆርጡ የመድን ወኪሎች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአንባቢያን ዓምዳችሁ ላይ አንድ የትራክ ባለቤት የመድን ወኪሎች በስልክ ስላደረሱባቸው መሰላቸት የጻፉትን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የራሳቸውን የጭነት ድርጅት ባስመዘገቡ ማግስት ስልካቸው ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮኽ እንደሚውል፣ ደዋዮቹ ስማቸውንና የድርጅታቸውን መለያ ቁጥር ጭምር እየጠሩ እንደሚያነጋግሯቸው፣ ከመካከላቸውም በአማርኛ የሚናገሩ እንዳሉ ገልጸው፣ «ቁጥሬን ማን ሸጠብኝ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ለአንባቢያንም የማያውቁትን ቁጥር እንዳያነሱ መክረዋል። እኔ በቨርጂኒያ ነጻ የመድን ወኪል ነኝ፤ የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪ ሳልሆን የበርካታ መድን ሰጪዎችን ውል እሸጣለሁ፣ አዲስ ደንበኛም በአብዛኛው የማገኘው ለማላውቀው ሰው ደውዬ ነው። ስለዚህ ለጥያቄያቸው ከሥራው ውስጥ ሆኖ መልስ የሚሰጥ ሰው ቢኖር ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

ቁጥሩን የሸጠ ሰው ላይኖር ይችላል። በአሜሪካ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ጭነት ለማመላለስ የሚፈልግ ሰው በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር ባለው የአጓጓዦች ደኅንነት አስተዳደር ዘንድ ሲመዘገብ፣ የድርጅቱ ስም፣ አድራሻና ስልክ ማንም ሊያየው በሚችል የሕዝብ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ወኪሉም፣ የነዳጅ ካርድ ሻጩም፣ ዲስፓቸር (ለትራኮች ጭነት አፈላላጊ) ነኝ ባዩም ይህንኑ መዝገብ በየጠዋቱ ይከፍታል። ከሁሉም ግን የመድን ወኪሉ ቀድሞ የሚሮጥበት ምክንያት አለው። የአጓጓዡ የሥራ ፈቃድ የሚጸናው መድን ሰጪው ኩባንያ የኃላፊነት መድን መኖሩን ለመሥሪያ ቤቱ ሲያስታውቅ ስለሆነ፣ ትናንት የተመዘገበ ሰው ዛሬ መድን እንደሚፈልግ መጠርጠር አያስፈልግም። አገር ቤት የሦስተኛ ወገን የምንለው ዓይነት መድን መሆኑ ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። ተራ ጭነት ለሚያመላልስ ከባድ መኪና ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን 750,000 ዶላር ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣው የሞተር አጓጓዦች ሕግ የመጣና እስከ ዛሬ ያልተለወጠ ነው። ሎድ (ጭነት) የሚሰጡት ብሮከሮች፣ ማለትም ባለ ጭነቱንና ባለ ትራኩን የሚያገናኙት ደላሎች፣ ደግሞ በዚህ አይረኩም፤ አብዛኞቹ 1,000,000 ዶላር የኃላፊነት እና 100,000 ዶላር የጭነት ሽፋን ይጠይቃሉ። ለአዲስ ድርጅት የአንድ ትራክ ዓረቦን፣ ማለትም የመድኑ ክፍያ፣ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ መውጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ አንድ ፊርማ ለወኪሉ ምን ያህል እንደሚያጓጓ መገመት አያዳግትም።

ነጻ ወኪል ለምን ይደውላል ለሚለውም አጭር መልስ አለ። የአንድ ኩባንያ ብቻ የሆነው ወኪል በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቅለት ትልቅ ስም ከኋላው አለው። ነጻው ወኪል ያለው የራሱ ስም ብቻ ነው። «ሊድ» እየተባለ የሚሸጠውን የስም ዝርዝር ቢገዛ፣ ያው ስም ለሌሎች ብዙ ወኪሎች ተሽጦ ያገኘዋል። በዘመድ፣ በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር የሚመጣው ደንበኛም ቶሎ ያልቃል፤ (ለዘመድ መድን መሸጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ዓረቦኑ በዓመቱ ሲጨምር የሚቀየመው ኩባንያውን ሳይሆን ወኪሉን ነውና)። በሌላ በኩል አንድ ደንበኛ ውሉን ባደሰ ቁጥር ወኪሉ ድርሻውን ስለሚያገኝ፣ ዛሬ የተገኘ ጥሩ ደንበኛ ለዓመታት እንጀራ ነው። ስለዚህ ሳይተዋወቁ መደወል፣ በሙያው ቋንቋ ኮልድ ኮል የሚባለው፣ የሚያሳፍር ሥራ ነው ብዬ አላምንም።

ሥርዓት ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ብሔራዊ «አትደውሉብኝ» መዝገብ፣ ቁጥሩን ላስመዘገበ ሰው የሽያጭ ጥሪ እንዳይደርሰው ይከላከልለታል፤ ደዋዩም ዝርዝሩን ቢያንስ በየ31 ቀኑ ከመዝገቡ ጋር የማስተያየት ግዴታ አለበት። ከንግድ ድርጅት ለንግድ ድርጅት የሚደረግ ጥሪ በአብዛኛው ከዚህ ገደብ ውጭ ነው ተብሎ ብዙ ወኪሎች ይጽናናሉ። ነገር ግን አንድ ትራክ ያለው ሰው የቢሮ ስልኩና ልጆቹ የሚደውሉበት ስልክ አንድ ስለሆነ፣ እኔ በበኩሌ የእንዲህ ያለውን ሰው ቁጥር እንደ መኖሪያ ቤት ስልክ እቆጥረዋለሁ። ሰዓትም አለ፤ ወደ መኖሪያ ስልክ የሚደረግ የሽያጭ ጥሪ የሚፈቀደው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ የሚታየው የተደወለለት ሰው ያለበት ቦታ ሰዓት ነው። ቨርጂኒያ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ካሊፎርኒያ ላይ ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ አሁን ጋደም ያለን ሰው ለመድን መቀስቀስ ሕጉንም ሆነ ይሉኝታን መርሳት ነው። ቀድሞ በተቀዳ ድምፅ የሽያጭ ጥሪ ማድረግ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ድምፅም ከዚሁ እንደሚቆጠር ወስኗል። ይህን የጣሰ ደዋይ ለአንድ ጥሪ 500 ዶላር፣ አውቆ ካደረገው እስከ 1,500 ዶላር ሊከፍል ይችላል። ሜዲኬር አድቫንቴጅን፣ ማለትም የአረጋውያኑን የመንግሥት የጤና መድን በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠውን ውል፣ ለመሸጥማ ሳይጠየቁ መደወል ጭራሽ አይፈቀድም፤ በምዝገባው ወቅት፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ወላጆቻችሁን በስልክ የሚያጣድፍ ሰው ቢኖር ያለ ሐሳብ ዝጉበት።

እንግዲህ የደብዳቤው ጸሐፊ ያማረሩት በጥሪው ብዛት ነው። እኔ ከዚህ የባሰ የማየው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም በመጀመሪያው ስልክ፣ ምንም ወረቀት ሳይታይ የሚቆረጠው ርካሽ ዋጋ ነው። ስደውል በተደጋጋሚ የሚገጥመኝ መልስ እንዲህ ያለ ነው፦ «ወንድሜ፣ ሌላው ሰውዬ እኮ በሁለት ደቂቃ ዋጋ ነገረኝ፤ አንተን ምን ያስረዝምሃል?» እኔን የሚያስረዝመኝ፣ ትራኩ የት እንደሚያድር፣ እስከ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚነዳውና ከዚህ በፊት ምን አደጋ እንደደረሰበት ሳይታወቅ እውነተኛ ዋጋ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። በሁለት ደቂቃ የተነገረው ዋጋ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ውሸት ተጽፎ የተገኘ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እንዴት እንደሚደረግ ልግለጽ። መድን ሰጪዎች ትራኩ ከማደሪያው በሚርቅበት ርቀት ዋጋ ይለያያሉ፤ በብዙዎቹ ዘንድ እስከ 50 ማይል አንድ ዋጋ፣ እስከ 200 ማይል ሌላ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ከቨርጂኒያ ተነሥቶ ቴክሳስ የሚሄደውን ሾፌር ወኪሉ «እስከ 200 ማይል» ብሎ ማመልከቻው ላይ ይሞላለታል፤ ዓረቦኑም ወዲያውኑ ይወርዳል። ወይም ትራኩ የሚያድረው አሌክሳንድሪያ ሆኖ ሳለ፣ ዋጋ ቀለል ባለበት ሌላ ክፍለ ግዛት የሚኖር የወንድም አድራሻ ይጻፋል። ወይም የሚነዱት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፣ መንጃ ፈቃዱ ንጹሕ የሆነው ብቻ ይመዘገብና ሁለተኛው «አልፎ አልፎ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ደንበኛው ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ፣ በስልኩ ላይ፣ በጣቱ ይፈርማል። የፈረመው ሁሉ ልክ መሆኑን ያረጋገጠው ግን ወኪሉ ሳይሆን እርሱ ነው።

አደጋ እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ሰላም ይመስላል። አደጋ ሲደርስ ግን መድን ሰጪው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የጉዞ መዝገቡን ነው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ በአብዛኛው የረጅም ርቀት ትራክ ላይ የኤሌክትሮኒክ የሰዓት መመዝገቢያ፣ ሾፌሮቻችን ኢኤልዲ የሚሉት፣ ግዴታ ስለሆነ፣ ትራኩ ባለፉት ወራት የት የት እንደዋለ በካርታ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። የነዳጅ ግብር ሪፖርቱም በየክፍለ ግዛቱ የተነዳውን ማይል ይናገራል። ያኔ ኩባንያው ውሉን ሊያፈርስ ወይም የካሳ ጥያቄውን ሊቃወም ይችላል። አንዳንዶች «ኤምሲኤስ 90 የሚባለው አባሪ ስላለ ግድ የለም» ይላሉ፤ ይህ አደገኛ አባባል ነው። ከመድን ውሉ ጋር የሚያያዘው ይህ አባሪ የተጎዳውን ሦስተኛ ወገን ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ኩባንያው ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ የከፈለውን ገንዘብ ዞሮ ከትራኩ ባለቤት የመጠየቅ መብት አለው። የባለቤቱን ትራክና የጫነውን ዕቃም አይሸፍንም። በአጭሩ፣ በዓመት ጥቂት ሺህ ዶላር ያዳነ ሰው የቤቱን ዋጋ የሚያህል ዕዳ ሊታቀፍ ይችላል።

የደብዳቤው ጸሐፊ የሰጡት ምክር፣ ማለትም የማይታወቅ ቁጥር አለማንሳት፣ ለትራክ ባለቤት የሚያዋጣ አይመስለኝም። ሎድ የሚሰጠው ብሮከርም፣ ዕቃ የሚረከበው መጋዘንም የሚደውሉት ከማይታወቅ ቁጥር ነው። ይልቅ ስልኩን አንሥቶ ደዋዩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን እንደሚጠይቅ ማዳመጥ ይበቃል። ሥራውን የሚያውቅ ወኪል ስሙን፣ ፈቃድ ያለው በየትኛው ክፍለ ግዛት እንደሆነና ቁጥሩን ከየት እንዳገኘ ሳይጠየቅ ይናገራል። ከዚያም ውሉ መቼ እንደሚታደስ ይጠይቃል፤ ውሉ ከወራት በኋላ የሚታደስ ከሆነም ቀኑን መዝግቦ ይሰናበታል እንጂ ዛሬውኑ አፍርሶ እንዲወጣ አይገፋፋም፤ በመሀል የተቋረጠ ውል ከተመላሹ ገንዘብ ላይ ቅጣት ሊቆረጥበት ይችላልና። ቀጥሎ አሁን ያለውን ውል የመጀመሪያ ገጽ፣ ማለትም ሽፋኑ፣ ሾፌሮቹና ትራኮቹ የተዘረዘሩበትን፣ እንዲሁም ያለፉትን ዓመታት የአደጋ ታሪክ የሚያሳየውን ሎስ ራን የሚባለውን ወረቀት እንዲልኩለት ይለምናል። ይህን ሁሉ ሳያይ ቁጥር የሚጠራው ሰው ዋጋውን እየገመተ ነው፤ ወይም ምን ብሎ እንደሚሞላ አስቀድሞ ወስኗል።

ይህ አካሄድ ብዙ ደንበኛ እንደሚያሳጣኝ አልሸሽግም። «እሺ፣ እልክልሃለሁ» ብሎ የሚዘጋው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደማይልክ አውቃለሁ፤ በእኛ ዘንድ «አልፈልግም» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ነውር ስለሆነ «እሺ» የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ይሠራል። ወረቀቱን የሚልኩት ጥቂቶች ግን የሚቆዩ ደንበኞች ናቸው። ወረቀታቸውን ስመለከትም አንዳንዴ አሁን ያለው ውላቸው የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ይህንኑ ነግሬአቸው እንለያያለን። ከእነዚያ መካከል በሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው የሚደውሉ አሉ።

በተለይ የሚያሳስበኝ የቋንቋው ጉዳይ ነው። አዲስ የትራክ ባለቤት በቀን ውስጥ ከሚደውሉለት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል አንዱ «እንደምን አደሩ» ሲለው ልቡ ይረጋል፤ ይህ የሚገባ ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን አማርኛ መናገር ፈቃድ እንዳለው አያሳይም። በቨርጂኒያ የኮርፖሬሽን ኮሚሽኑ የመድን ቢሮ፣ በሜሪላንድ የሜሪላንድ የመድን አስተዳደር፣ በዋሽንግተን ዲሲም የመድን፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና የባንክ መምሪያው የወኪሎችን ፈቃድ ማንም በስም ፈልጎ እንዲያይ በድረ ገጻቸው ላይ ክፍት አድርገዋል። የሚፈጀው ጊዜ አንድ ማኪያቶ እስኪመጣ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ወኪል በማግኘት ሊገኝ የሚገባው እውነተኛ ጥቅም ደግሞ ሌላ ነው፤ የትራክ ባለቤቶች ከመፈረማቸው በፊት የእንግሊዝኛውን ማመልከቻ መስመር በመስመር በአማርኛ እንዲያነብላቸው መጠየቅ ይችላሉ። «ራዲየስ» የሚለው፣ ማለትም ትራኩ ከማደሪያው የሚርቅበት ርቀት የሚሞላበት መስመር ላይ ሲደርስ የሚንተባተብ ወይም «እርሱን ተወው፣ ፎርማሊቲ ነው» የሚል ከሆነ፣ ስልኩን ለመዝጋት በቂ ምክንያት አግኝተዋል።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በማስታወቂያ ገጾቻችሁ ላይ «በርካሽ ኢንሹራንስ እናወጣለን»፣ «በአንድ ስልክ ጥሪ ዋጋ እንነግርዎታለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች የሚወጡት ስልክ ቁጥር ብቻ ይዘው ነው። ከእንግዲህ ማስታወቂያ የሚያወጣ ማንኛውም የመድን ወኪል፣ እኔንም ጨምሮ፣ የፈቃድ ቁጥሩንና የተፈቀደለትን ክፍለ ግዛት ከስልኩ አጠገብ እንዲያትም ብትጠይቁ፣ ለጋዜጣው የሚጨምረው ወጪ የለም፤ አንባቢም ከመደወሉ በፊት የሚያጣራበት ነገር ያገኛል። የፈቃድ ቁጥሩን ለማተም የማይፈልግ ወኪል ቢያጋጥማችሁ፣ የማስታወቂያ ገንዘቡን ለምን እንደማትቀበሉ ልትነግሩት ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ ነጻ የመድን ወኪል
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ