የሻወር ጥገና ዋጋ በስልክ የማንናገረው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ብዙዎቻችሁ ትደውሉና «ሻወሩ ቢዘጋም ያንጠባጥባል፤ ስንት ታስከፍላላችሁ?» ትሉናል። «መጥተን እንየው» ስንላችሁ ቅር የሚላችሁ አላችሁ። በተለይ ቤታችሁ የቆየ ከሆነ ምክንያታችንን ማወቅ ይገባችኋል።

ለሙቅና ለቀዝቃዛ የየራሱ እጀታ ያለው የድሮ ሻወር ውስጥ ትንሽ ጎማ አለች። ስትዘጉት ጎማዋ ከሥሯ ያለው የናስ መቀመጫ ላይ ተጭና ውሃውን ታቆማለች። ጎማዋ ስትደርቅ ማንጠባጠብ ይጀምራል። እሷን መቀየር ቀላልና ርካሽ ነው። ችግሩ ጎማዋ የምታርፍበት ናስ ተቦርቡሮ ከሆነ ነው። ያኔ አዲሷ ጎማም ብዙ አትቆይም። «ቀየሩልኝ፣ ወዲያው እንደገና ጀመረው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ባለሙያችን መጀመሪያ ናሱን በጣቱ ይዳስሳል። እባካችሁ ማንጠባጠቡን ለማቆም እጀታውን በኃይል አታጥብቁ። ጎማዋም ናሱም ይበልጥ ይጎዳሉ።

ሙቅና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ደግሞ ጎማ ሳይሆን እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ሁለት የሴራሚክ ሳህኖች አሉት። የእሱ ጠላት አሸዋና ዝገት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው። ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ነው። ያን ውሃ በሻወሩ አታውርዱት። የግቢውን ቧንቧ ክፈቱና እስኪጠራ በባልዲ ያዙት፤ ለሽንት ቤት ይሆናል። ይህን ብቻ ብታደርጉ ሚክሰራችሁ ብዙ ዕድሜ ያገኛል። ሌላም ምልክት አለ። ማሞቂያው እየሠራ ሙቁ ውሃ ለብ ብቻ የሚል ከሆነ፣ ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ሚክሰሩን አስፈትሹ። ውስጡ ሲያረጅ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር ሊገባ ይችላል።

እኛን በጣም የሚያሳስበን ግን ግድግዳው ውስጥ ያለው ነው። በቆዩ ቤቶች ቧንቧው ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ዚንክ የተቀባ ቢሆንም ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይዝጋል፤ ጥርሱም ይሳሳል። የድሮውን ቫልቭ (ውሃውን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ) ለመፍታት በአንድ ቁልፍ የታገለ ሰው ቧንቧውን ግድግዳ ውስጥ ሊሰብረው ይችላል። ያኔ የጎማ ሥራ የነበረው የግድግዳ ሴራሚክ ማፍረስ ሥራ ይሆናል። የዚያ ዘመን ሴራሚክ ደግሞ ገበያ ላይ አይገኝም። እኛ በሁለት ቁልፍ ነው የምንሠራው፤ አንዱ ቧንቧውን ይይዛል፣ ሌላው ቫልቩን ይፈታል። ማፍረስ ግድ ከሆነም መጀመሪያ የግድግዳውን ጀርባ እናያለን። በዚያ በኩል መኝታ ቤት ወይም ኮሪደር ካለ ከዚያ መግባት ይሻላል፤ ልስንና ቀለም ይመለሳል።

ቧንቧው ጨርሶ የበሰበሰ ከሆነ ውድ ሚክሰር ገዝታችሁ ብትጠብቁንም አንገጥመውም። መጀመሪያ መስመሩ በፒፒአር (በማይዝግ የፕላስቲክ ቧንቧ) ይቀየር እንላችኋለን። ወጪው እንደሚከብድ እናውቃለን። በተበላ ብረት ላይ አዲስ ዕቃ ማሰር ግን ገንዘባችሁን ማፍሰስ ነው።

«ጠብታ ምን ያደርጋል» ብላችሁም አትተዉት። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ በቀን ወደ 20 ሊትር ሊጠጋ ይችላል፤ አንድ ጀሪካን ማለት ነው።

ከመምጣታችን በፊት የእጀታውን ፎቶ ላኩልን፤ የሚመጥነውን ዕቃ ይዘን እንመጣለን። የውሃ ቆጣሪው መዝጊያ በትክክል መዝጋቱንም እዩልን። አልዞርም ካለ አታስገድዱት፣ ንገሩን። ሮቶ ካላችሁ የቆጣሪው ብቻ አይበቃም፤ የሮቶው መውጫም መዘጋት አለበት። ከሁሉ በፊት ግን የማሞቂያውን መብራት ከብሬከሩ አጥፉ። ውሃ የሌለው ማሞቂያ ይቃጠላል።

ሻወሩን አይተን፣ ዋጋውን ሥራ ከመጀመራችን በፊት በጽሑፍ እንሰጣችኋለን። ካልተስማማችሁ ምንም ሳንነካ እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቧንቧ ጥገና ባለሙያዎቻችሁ