«ሌላ ልጅ የለውም» ያስባልኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጋዜጣ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚወጣውን የፍርድ ቤት ጥሪ ስንት ሰው እንደሚያነበው እንጃ። «የወራሽነት ማስረጃ ይሰጠን ብለዋል፤ መቃወሚያ ያለው ይቅረብ» የሚለውን ማለቴ ነው። የእኛም ወጥቶ ነበር። ማንም አልቀረበም። እኔና ታላቅ ወንድሜ የፈለግነውም ይህንኑ ነበር።

አባታችን ዕድሜውን በጂቡቲ መስመር የጨረሰ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እናታችን ስትሞት እቴቴን አገባ። እሷም ሴት ልጇን ይዛ መጣች፤ አንድ ትሪ ላይ በልተን አደግን። አዋሽ ላይ ሌላ ልጅ እንዳለው ያወቅነው ለቅሶው ላይ ነው። አንድ ወጣት ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ አየሁ። ጆሮው ቁርጥ የአባቴ። ምንም አልጠየቀም፤ ንፍሮውን ዘግኖ ሄደ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም እኩል መብት አለው ይላል። ይህን አላጣነውም። ራፖር ጸሐፊው ጋ ግን «ሁለት ልጆች ብቻ» ብለን አስጻፍን። ሦስት የዕድር ሰዎች መሰከሩልን። ሁለቱ እውነትም አያውቁም። አንዱ ጋሼ ግን ያውቃሉ። ምለው ሲወጡ ማኪያቶ ጋበዝናቸው። ስኳሩን ሲያማስሉ፣ ሲያማስሉ ቀዘቀዘ። ሳይጠጡት ተነሱ።

ቤቱ የጋራ ስለነበር እቴቴ ግማሿን ወሰደች። የቀረውን ሁለታችን ተካፈልን። ወንድሜ የውርስ ክስ በሦስት ዓመት ይርጋ ይታገዳል የሚል ነገር ከሰው ሰምቶ ቀን ይቆጥር ነበር። የሚቆጠረው ልጁ መብቱንና ውርሱን እኛ መያዛችንን ካወቀበት ቀን ጀምሮ መሆኑን የነገረው የለም።

ለፋሲካ እቴቴ ጋ ሄድኩ። «ይቺን ስልክ እያት፣ ሞልታለች ትላለች» ብላ ሰጠችኝ። የቴሌብር መልእክት ነው የሞላት። በየወሩ 500 ብር ወደ አንድ ስም። የአባቴ ስም ያለበት። እንጀራ ሸጣ ነው የምትልከው። «አባትህ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር» አለችኝ። ተከድቻለሁ ብዬ ጮህኩባት። እኔ! ችሎት ሄዳ ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት ምጣዱን እያሰሰች «የእንጀራ እናት ልጆቹን አጣላች ልባል?» አለች።

አሁን የወራሽነት ማስረጃው እንዲሰረዝ ልጁ አመልክቷል፤ እኔም አልተቃወምኩም። ወንድሜ ስልኬን አያነሳም። ፍርድ ቤት የሟችን ልጆች የሚቆጥረው በአመልካችና እሱ ባመጣቸው ሰዎች አፍ ከሆነ፣ እንደ እኛ ያለ ቤት ብዙ ነው። ቢያንስ ምስክሮቹን አንዳንድ ጊዜ እንኳ አመልካቹ ሳይሆን ቀበሌው ይምረጥ እላለሁ።

አዋሽ ወርጄ ለልጁ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ስለ ቤቱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «ምስክሮቹን ስንት ከፈላችኋቸው?» ነው ያለኝ።

«ማኪያቶ» አልኩት።

ዓ. መ.፣ ከጉለሌ