የልጆች የቆዳ ኪንታሮት መድኃኒት ከነአጠቃቀሙ ይሰጥ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከገበያው ብዙም በማይርቅ መድኃኒት ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። የጤና አምዳችሁን ሳልከታተል ያለፍኩበት ጊዜ የለም። ስለ ወባ፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በሚገባ ጽፋችኋል፤ የልጆችን የቆዳ ኪንታሮት ግን ስታነሡት አላየሁም። በሽታው እንደማይገድል አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅ እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ እንዲውል ያደርጋል፤ እናትን ደግሞ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ያንከራትታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ እንግልት ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ ያለ በቂ ማብራሪያ ስለሚሸጥ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ ልጇን ይዛ መጣች። «እስቲ እጅህን አሳየኝ የእኔ ጌታ» ብለው ከሹራቡ እጅጌ ውስጥ አላወጣ አለኝ። እናቱ አባብላ ስታወጣው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጥፍር ዙሪያ ሻካራ ኪንታሮት ተደርድሯል፤ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ ደግሞ ተልጦ ቀልቷል። ምን እንደቀቡት ጠየቅኋት።

«ቅንጭብ ነው እህቴ። ወተቱ ያደርቀዋል አሉን። መጀመሪያማ እዚሁ ከተማ ቅባት ገዝተንለት ነበር፤ ምንም አላደረገለትም።»

ቅባቱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አሳየችኝ፤ ዊትፊልድ ነበር።

ዊትፊልድ መጥፎ ቅባት አይደለም፤ ለጭርትና ለመሳሰሉት የፈንገስ በሽታዎች ጥሩ ነው። ውስጡ ያለው 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድ የጠጠረ ቆዳን እያለሰለሰ የሚልጥ መድኃኒት ቢሆንም፣ 3 በመቶው ለደረቀ ኪንታሮት አቅም የለውም። ለልጆች የእጅና የእግር ኪንታሮት የተለመደው 17 በመቶ ገደማ የሆነው ፈሳሹ ነው፤ ሲቀባ እንደ ጥፍር ቀለም ደርቆ ነጭ ሽፋን ይሠራል። ሁለቱም ላይ «ሳሊሲሊክ» የሚል ጽሑፍ ስላለ በችኮላ አንዱ በሌላው ቦታ ይሰጣል። ያቺ እናት ከዘጌ የተመላለሰችው በዚህ ምክንያት ነው።

ትክክለኛውን ጠርሙስ ያገኘችውም እናት ብትሆን በውስጡ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ደግሞ ወረፋ ስለሚበዛብን «ማታ ማታ ቀቢው» ብለን እንሸኛለን። ይህ አይበቃም። ማታ ከመተኛቱ በፊት የልጁ እጅ ወይም እግር ለብ ባለ ውኃ አምስት ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል። ከዚያ የነጣውና የላላው ቆዳ በጥፍር ሞረድ ወይም ተረከዝ በሚፈገፈግበት ድንጋይ ቀስ ተብሎ ይነሣል፤ ደም እስኪወጣ መፈግፈግ የለበትም። ያ ሞረድ ለሌላ ጥፍር፣ ለሌላ ሰውም አያገለግልም፤ ኪንታሮቱን የሚያመጣውን ቫይረስ ይዞ ይሄዳልና። እጁ በደንብ ከደረቀ በኋላ በኪንታሮቱ ዙሪያ ያለው ጤነኛ ቆዳ ቫዝሊን ይቀባል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ልጁ አቃጠለኝ ብሎ የሚያለቅሰውና መድኃኒቱ የሚጣለውም በዚሁ ሰበብ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ፈሳሹ በስንጥር ጫፍ ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ጠብ የሚደረገው። ሲደርቅ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ቆዳው ከቆሰለ ጥቂት ቀን ማሳረፍ ነው። ፈሳሹ እሳት ስለሚይዝ ከሰል በተቀጣጠለበት ምድጃ አጠገብ ጠርሙሱን መክፈት አይገባም፤ ቡና እያፈሉ ልጃቸውን የሚቀቡ እናቶች ስላሉ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ይህ ሁሉ በየቀኑ እስከ 12 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። ሦስት ወር መሆኑ ያልተነገራት እናት በሁለተኛው ሳምንት ብትተወው አልፈርድባትም። አንዳንዱ ኪንታሮት ከዚያም በኋላ እምቢ ይላል፤ በልጆች ላይ ከሚወጣው ግማሽ ያህሉ ደግሞ ምንም ሳይደረግለት በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የማያመውንና ልጁን የማያሳፍረውን ትንሽ ኪንታሮት እያዩ መተውም ይቻላል።

የማይቻለው ልጅን ማቃጠል ነው። በየአጥሩ የቆመው የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል፤ ልጅ ደግሞ ጣቱን ከዓይኑ አያርቅም። በፈረስ ጭራ ማሰር፣ ኪንታሮቱ ላይ የምትታየውን ጥቁር ነጠብጣብ «ሥሩ ነው» ብሎ በመርፌ መቆፈርም ይቅር። ነጠብጣቧ የረጋ ደም ያለባት ቀጭን የደም ሥር ናት፤ ብትቆፈር ቁስል እንጂ ፈውስ አታመጣም።

ሌላው ፍርሃት ነው። የኪንታሮቱ መነሻ ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባለው ቫይረስ እንደሆነ የሰማ ወላጅ ካንሰር መስሎት ይደነግጣል፤ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረውን የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ያስታውሳልና። የቫይረሱ ዓይነቶች ከ200 በላይ ናቸው። የእጅና የእግር ኪንታሮት የሚያወጡት እንደ 1፣ 2 እና 4 ያሉት ናቸው፤ ካንሰር በማምጣት የሚታወቁት 16 እና 18 ሌሎች ናቸው። ክትባቱን ልጃገረዶቻችን ይከተቡ፤ የጣት ኪንታሮት ግን በእርሱ አይጠበቅም። ልጁንም ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም። በፕላስተር ተሸፍኖ ይማር፣ ይጫወት፤ ፎጣና ጫማ አይዋዋስ፤ ጥፍሩን መንከስ ይተው። ጣና ዳር ስለሚዋኙት ልጆች ከተጨነቅን ሊያስጨንቀን የሚገባው ከኪንታሮቱ ይልቅ ቢልሃርዚያው ነው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ፊት ላይ ወይም ብልት አካባቢ የወጣ ኪንታሮት በዚህ ፈሳሽ አይነካም፤ ሐኪም ይየው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃንና ስኳር ላለበት ልጅም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። በብዛት የሚወጣና በፍጥነት የሚዛመት ከሆነም የልጁ የመከላከል አቅም መመርመር አለበት፤ ይህን ስንል እናትየውን ሳናሸማቅቅ፣ ገለል አድርገን ይሁን።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የአጠቃቀሙን ቅደም ተከተል ግልጽ በሆነ አማርኛና በትልልቅ ፊደል በሩብ ገጽ አትሙልን፤ እያንዳንዱ መድኃኒት ቤት ቆርጦ መስኮቱ ላይ እንዲለጥፈው። የሥራ ባልደረቦቼንም እለምናለሁ፤ ጠርሙሱን ከመስጠታችሁ በፊት ልጁን አስጠርታችሁ እጁን እዩ፤ ማንበብ ለማትችል እናትም እንደ አስፈላጊነቱ በቃልና በምልክት አሳዩዋት። ለደንበኞቻችን የምንሰጠውን የአማርኛ ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ከማተማችሁ በፊት አንድ የቆዳ ሐኪም ቢያየውና የጎደለውን ቢሞላበት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር