ለራሷ የተመዘገበች ሴት

ይድረስ ለምወድሽ እህትዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ከተጠፋፋን ቆየን፤ የዚህ አገር ሩጫ መች ያገናኛል። እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን።

የአሜሪካ ዜግነት ማግኘትሽን ከእህትሽ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለሽ! ግን ለመራጭነት አልመዘገብም ብለሻል አሉ። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ሊፈይድ? ነገሩ የእነሱ ነው» ብለሻል አሉ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፋኒ ሉ ሄመር የምትባል ሴት ነበረች። የሚሲሲፒ ጥጥ ለቃሚ፣ ለወላጆቿ 20ኛ ልጅ። ጥቁር ሰው መምረጥ እንደሚችል የሰማችው ከ40 ዓመቷ በኋላ ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 1962 ከ17 ሰዎች ጋር በአሮጌ አውቶቡስ ኢንዲያኖላ ሄደች፣ ልትመዘገብ። መዝጋቢው ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ አውጥቶ «ትርጉሙን አብራሪ» አላት። ነገሩ እንድትወድቅ ነው፤ ወደቀች። ሲመለሱ ፖሊስ አስቆማቸው። ጥፋታቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአውቶቡሱ ቀለም! ሾፌሩ ተቀጣ።

ማታ ቤቷ ስትደርስ የእርሻው ባለቤት መጣ። ምዝገባውን ካልተውሽ ለቀሽ ውጪ አላት። 18 ዓመት የሠራችበት ቦታ ነው። እሷም ልመዘገብ የሄድኩት ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው አለችው። በዚያው ሌሊት ወጣች።

በ1963 ዊኖና ከተማ አሰሯት። ፖሊሶቹ ሁለት ጥቁር እስረኞችን አስገድደው አስደበደቧት፤ ኩላሊቷ ዕድሜ ልኳን ተጎዳ። በ1964 በዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ ቀርባ ይህን ሁሉ በካሜራ ፊት ተናገረች። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ስርጭቱን ለማስቀየስ ድንገተኛ መግለጫ ጠራ። አልሆነለትም፤ ማታ ጣቢያዎቹ ቃሏን ለመላው አገር አሰሙት።

በ1965 የመምረጥ መብት ሕግ ወጣ፣ ያ ፈተናም ቀረ። በዚያው ዓመት ለአውሮፓ ሰው ያደላው የኢሚግሬሽን ኮታም ተሻረ። የእኔና የአንቺ መግቢያ በዚያ በኩል ነው፤ የዚያ ትግል እጅ አለበት። እና እንዴት ነው ነገሩ «የእነሱ» የሚሆነው?

ደግሞ አላለቀም። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕጉን ዋና ጥርስ አወለቀው። በዘር አድልዎ የሚታወቁ ግዛቶች የምርጫ ደንብ ከመቀየራቸው በፊት ፌዴራል መንግሥቱን ማስፈቀድ ነበረባቸው፤ ያ ቀረ። ቴክሳስ በዚያው ቀን ጥብቅ የመታወቂያ ሕጓን ሥራ ላይ እንደምታውል አስታወቀች። የጥቁሮች መብት ታጋዩን የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ቀን ሥራ ዘግተን እናከብራለን፣ ደግ ነው። እነ ፋኒ ሉ የተደበደቡበትን የምዝገባ ወረቀት ሳይሞሉ መቅረት ግን ለእኔ ማክበር አይደለም።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እደውልልሻለሁ፣ አብረን እንሞላዋለን። መንጃ ፈቃድሽን አጠገብሽ አድርጊ። እማማም ዜጋ ናቸው አይደል? እሳቸውንም አስቀምጫቸው። እንግሊዝኛ አላነብም ካሉሽ፣ ሕጉ ድምፅ ሲሰጡ የሚያግዛቸውን ሰው ራሳቸው መርጠው ይዘው እንዲገቡ ይፈቅድላቸዋል በያቸው። አንቺ ካልተመቸሽ እኔ ይዣቸው እሄዳለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ