ልጆቼ ትምህርት ቤታቸውን ሳይለቁ መጠለያ እንድናገኝ ለረዳችሁን ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁም። ኒው ዮርክ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የእኛን ነገር ሰምታችኋል። አሁን ብሮንክስ ውስጥ የትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት አጠገብ የቤተሰብ ሸልተር (ከተማው ቤት ላጡ የሚሰጠው መጠለያ) ገብተናል። የራሳችን ክፍልና ማብሰያ አለን። ልጆቹ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ተመስገን።

ከሁሉ በፊት የአክስቴን ልጅ ላመስግን። ባለቤቴ ሥራ አጥቶ ኪራይ መክፈል ሲያቅተን ባለ አንድ መኝታ ቤቱ ውስጥ ከነልጆቻችን ተቀበለን። በኋላ አከራዩ ሰምቶ እሱንም አስወጣሃለሁ አለው።

ከተማው ሸልተር ከመፍቀዱ በፊት ያለፉትን 2 ዓመታት የት የት እንደኖራችሁ ይጠይቃል። ከዚያ ያስጠጋችሁን ሰው አግኝቶ «ተመልሰው አንተ ጋ መኖር ይችላሉ ወይ?» ይለዋል። ይሄ ለሐበሻ ከባድ ጥያቄ ነው። ዘመዴን ከቤቴ አስወጣሁ ብሎ ለማያውቀው ሰው ማን ይናገራል? ይሉኝታ ይዞት «ቤቴ ቤታቸው ነው» ካለ ደግሞ መሄጃ አላችሁ ተብሎ ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል። የአክስቴ ልጅ ግን የአከራዩን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ አሳየ፣ አይችሉም ብሎ ቁርጡን ተናገረ። የከተማው ሰዎች ከሄዱ በኋላ እንዳለቀሰ የነገረችኝ ሚስቱ ናት። ወንድሜ፣ አልጨከንክብንም። ያዳንከን በዚያ ቃልህ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግነው የትምህርት ቤቱን ሶሻል ወርከር፣ የተቸገሩ ቤተሰቦችን የምትረዳዋን ሠራተኛ ነው። ከተማው ማመልከቻችንን አጣርቶ እስኪጨርስ የተመደብነው ኩዊንስ ውስጥ ጃማይካ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ልጆቹን በጨለማ ቀስቅሼ፣ ባቡር ቀያይረን፣ ትንሿ ቆማ እያንቀላፋች ብሮንክስ እንደርሳለን፣ ያም ሆኖ እናረፍዳለን። እዚያው ኩዊንስ አስገቢያቸው ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፣ በቅንነት ነው። እሷ ግን አይሆንም አለች። በ1987 የወጣውና ዛሬ ማኪኒ ቬንቶ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ቤት ያጣ ልጅ በነበረበት ትምህርት ቤት እንዲቀጥልና ማመላለሻ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል። ቤት አጥተው ዘመድ ጋ የተጠጉ ልጆችም ይካተታሉ። ለካ የአክስቴ ልጅ ጋ እያለንም መብቱ ነበረን! ሸልተር ላሉ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት ቢጫ አውቶቡስ አለ፤ 7ኛ ክፍል ላለው ልጄ የባቡር ካርድ ሰጠችን።

ከተማው ሲመድብ የመጨረሻው ልጅ ትምህርት ቤት አካባቢ ለማድረግ ይሞክራል፣ ቦታ ሲጠፋ ግን ወደተገኘው ይልካል። ማጣራቱን እንዳለፍን ዝውውር አስጠየቀችን። የልጅቷን ማርፈድና መቅረት የሚያሳይ መዝገብ አያይዛ ደብዳቤ ጻፈችልን፣ መልስ እስኪመጣም መደወል አልተወችም። አማርኛ ስለማታነብ ይሄን ልጄ ተርጉሞ ያነብላታል።

ጃማይካ ማብሰያ ስላልነበረን ሽሮና እንጀራ በባቡር ተሸክማችሁ ለመጣችሁት የቤተ ክርስቲያን እናቶች፣ ለልጆቹ ካፖርት ለላካችሁት፣ ቅጹን በስልክ እየተረጎምሽ ላስሞላሽን እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ብድራችሁን ይክፈልልን።

ቤታችሁ ሰው ያስጠጋችሁ፣ ከከተማው ሲደወልላችሁ ስልኩን አንሱ፣ ያለውን እውነት ሳታለዝቡ ንገሯቸው። ማስጠንቀቂያ ከአከራይ ከደረሳችሁ ወረቀቱን አትጣሉት። ለሸልተር መመዝገብ ኖሮበት ብቻውን መሄድ የፈራ ካለም ልጆቹ ትምህርት ቤት ባሉበት ሰዓት አብሬው እሄዳለሁ።